ኑዛዜ፣ ውርስና ጠበቃ፦ አዳማ ላይ ሰው በህይወት እያለ መጠየቅ ያለበት

አዳማ ላይ «የውርስ ጉዳይ የሚችል ጠበቃ ታውቃለህ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ አርባው ከወጣ በኋላ ነው። ያኔ ካርታው ማን እጅ እንዳለ አይታወቅም። ታላቅየው የቤቱን ኪራይ መሰብሰብ ጀምሯል። ታናሽየዋ ስልክ ማንሳት ትታለች። እናት መሀል ላይ ሆነው ያለቅሳሉ። በዚህ ሰዓት የተጠራ ጠበቃ ረጅምና ውድ ክርክር ነው የሚረከበው። ያው ጠበቃ አባት በህይወት እያሉ ተጠይቆ ቢሆን፣ አብዛኛው ነገር በአንድ ከሰዓት ንግግርና በጥቂት ገጽ ወረቀት ያልቅ ነበር።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ወላጆቻቸው በህይወት ላሉ፣ ራሳቸውም ቤት፣ ሱቅ ወይም የባንክ ደብተር ላላቸው ሰዎች ነው። ሀዘን ላይ ያላችሁ ደግሞ ከታች ስለ ወራሽነት ማስረጃና ስለ ጠበቃ አመራረጥ ያለውን ቀድማችሁ አንብቡ።

ኑዛዜ ከሌለ ማን ይወርሳል?

በኢትዮጵያ ውርስ የሚመራው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ህግ ነው። የቤተሰብ ህጉ ተቀይሯል፣ የመሬት ህጉ ተቀያይሯል። የውርስ ክፍሉ ግን ዛሬም እየተሰራበት ነው።

ሟች ኑዛዜ ካልተወ መጀመሪያ የሚወርሱት ልጆች ናቸው። ሁሉም እኩል። ወንድ ሴት፣ ታላቅ ታናሽ የሚባል የለም። በትዳር ውስጥ የተወለደና ከትዳር ውጪ የተወለደ ልጅም እኩል ነው። በጉዲፈቻ የመጣ ልጅም እንደ ተወላጅ ይቆጠራል። ከአባት በፊት የሞተ ልጅ ካለ፣ የእሱ ልጆች በእሱ ቦታ ገብተው የእሱን ድርሻ ይካፈላሉ። ልጅም የልጅ ልጅም ከሌለ ውርሱ ወደ ሟች አባትና እናት ይሄዳል። እነሱም ከሌሉ ወደ እህትና ወንድም፣ ከዚያም ወደ ሌላ ዘመድ እያለ ይቀጥላል። ማንም ዘመድ ከጠፋ መንግስት ይወስደዋል።

እዚህ ዝርዝር ውስጥ የጎደለ ሰው አለ። ሚስት ወይም ባል የሉበትም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም። በፍትሐ ብሔር ህጋችን የትዳር ጓደኛ ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይደለም። ባል የሞተባት ሴት ቤቱ ውስጥ ድርሻ የሚኖራት በወራሽነት ሳይሆን በጋራ ንብረት ነው። አዳማ ላይ ይህ የሚታየው በኦሮሚያ የቤተሰብ ህግ፣ በአዋጅ ቁጥር 69/1995 ነው። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር፣ የሁለቱ ነው። ካርታው ላይ የባል ስም ብቻ መኖሩ ይህን አይቀይረውም።

በቁጥር እንየው። ባልና ሚስት በትዳራቸው ዘመን ገንደ ጋራ ላይ ቤት ሰሩ እንበል። ቤቱ ዛሬ 4 ሚሊዮን ብር ያወጣል። አራት ልጆች አሏቸው። ባል ሲሞት መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ጋራ ንብረቱን መክፈል ነው። 2 ሚሊዮኑ የሚስት ነው፤ ውርስ አይደለም፤ የራሷ ንብረት ነው። ለውርስ የሚቀርበው ቀሪው 2 ሚሊዮን ብቻ ነው። ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ልጅ 500 ሺህ ይደርሳል። ከአራቱ አንዱ ቀድሞ ሞቶ ሁለት ልጆች ትቶ ከሆነ፣ እነሱ 250 ሺህ 250 ሺህ ይወስዳሉ። ዕዳ ካለ ደግሞ ከመከፋፈሉ በፊት ከውርሱ ላይ ይከፈላል።

አሁን ልጅ የሌላቸውን ባልና ሚስት አስቡ። ሁለቱ ወጣቶች ተበድረው ኮንዶሚኒየም ገዙ። ባል በመኪና አደጋ ሞተ። ሚስት ግማሹ የእሷ ነው። ሌላው ግማሽ የሚሄደው ወደ ባሏ አባትና እናት ነው። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ህጉ ወራሽ የሚላቸው እነሱን ስለሆነ ነው። አብራ ዕዳውን ስትከፍል የኖረች ሴት ከአማቶቿ ጋር የቤት ባለድርሻ ሆና ትቀመጣለች። ይህን ለማስቀረት የሚያስፈልገው አንድ በትክክል የተጻፈ ኑዛዜ ነበር። ልጅ የሌላችሁ ባለትዳሮች፣ ከሁሉም ሰው በፊት ኑዛዜ የሚያስፈልገው እናንተን ነው። ይህን ደጋግሜ የምለው ወጣት ሰው ኑዛዜን የሽማግሌ ጉዳይ አድርጎ ስለሚያየው ነው።

ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩ ሰዎች ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው። አብሮ መኖራቸውንና ንብረቱን አብረው ማፍራታቸውን ማስረዳት የሚጀምሩት አንዱ ከሞተ በኋላ ነው። በሀይማኖት ወይም በባህል ተጋብታችሁ ከሆነ የጋብቻ የምስክር ወረቀቱን አሁኑኑ አውጡ።

ሙስሊም ቤተሰቦች ጉዳያቸውን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማስጨረስ ይችላሉ። እዚያ የአከፋፈል ስሌቱ ሌላ ነው፤ ሚስትና ባልም ከወራሾች ይቆጠራሉ። ግን ህገ መንግስቱ አንቀጽ 34 ላይ እንደሚለው የተከራካሪዎቹ ፈቃድ ያስፈልጋል። አንዱ ወገን አልፈልግም ካለ ጉዳዩ በመደበኛው ፍርድ ቤት ይታያል።

ኑዛዜ የሚፈርሰው በጥቃቅን ነገር ነው

ህጉ ሶስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። በግልጽ የሚደረግ፣ ተናዛዡ በራሱ እጅ የሚጽፈውና የቃል።

ከቃሉ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚተማመነው በእሱ ስለሆነ። አልጋ ላይ ያሉ አባት ልጆቻቸውን ሰብስበው «ቤቱ ለእናንተ እናት ይሁን፣ ሱቁን ታናሻችሁ ይያዘው» ይላሉ። የነፍስ አባት ቆመዋል፤ ጎረቤት ሰምቷል። በህግ ፊት ይህ ለቤቱም ለሱቁም አይሰራም። የቃል ኑዛዜ በሁለት ምስክሮች ፊት ሆኖ የሚጸናው ለጥቂት ነገር ነው፦ ለቀብር ስነ ስርዓት፣ ለትናንሽ ልጆች ሞግዚት ለመምረጥ፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ። 500 ብር በ1952 ዓ.ም. ገንዘብ ነበር። በዚያ ላይ ተናዛዡ ተሽሎት ሶስት ወር ከቆየ የቃል ኑዛዜው ይቀራል።

በራስ እጅ የሚጻፈው ኑዛዜ ምስክር አይፈልግም። ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል በተናዛዡ እጅ መጻፍ አለበት። ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ ይነገርበት። እያንዳንዱ ገጽ ቀንና ፊርማ ይኑረው። ኮምፒውተር ቤት አስጽፎ ከስር መፈረም በራስ እጅ የተጻፈ አያሰኘውም። ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ ይህ ዓይነቱ ኑዛዜ በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ ለሰነድ አረጋጋጭ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተሰጠ ዋጋ ያጣል። ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ 12 ዓመት የተቀመጠ ወረቀት ቤተሰቡን ተስፋ አስቆርጦ ሊመለስ ይችላል።

በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በአብዛኛው የምንጠቀምበት ነው። ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችላል፤ ማንበብ መጻፍ ለማይችሉ ወላጆችም የሚሆነው ይሄ ነው። ተናዛዡና አራት ምስክሮች አንድ ላይ ባሉበት ይነበባል። ከዚያ ሁሉም እዚያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በስራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል።

ጥፋቱ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ኑዛዜው መነበቡና ቀኑ በራሱ በኑዛዜው ውስጥ መጻፍ አለበት። «ይህ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነበበ» የሚል ዓረፍተ ነገር ከጎደለ፣ ሁሉም ሰው መነበቡን ቢያውቅም ኑዛዜው ሊፈርስ ይችላል። ሌላው ስህተት ፊርማ ማዟዟር ነው። ጠዋት አንዱ ምስክር ሱቁ ላይ ይፈርማል፤ ማታ ሌላው ቤቱ ይፈርማል። ምስክሮቹ ፍርድ ቤት ቀርበው «የት ነበራችሁ? ማን ማን ነበረ?» ሲባሉ የተለያየ መልስ ይሰጣሉ። ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው፣ ወይም የእሱ ባል ወይም ሚስት፣ በምስክርነት ባይገቡ መልካም ነው። የእድር ጓደኞችና ጎረቤቶች ይሻላሉ። በእድሜ ከተናዛዡ የሚያንሱ ቢሆኑ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ምስክርነቱ የሚፈለገው ከብዙ ዓመት በኋላ ሊሆን ስለሚችል።

ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አብረው መናዘዝ አይችሉም። ህጉ ይከለክላል። እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይጻፉ። ባልም በኑዛዜ መስጠት የሚችለው የራሱን ድርሻ ብቻ ነው፤ የሚስቱን ግማሽ ለማንም ማውረስ አይችልም። ኑዛዜውን ለሚስቱ አድርጎ በኋላ ከተፋቱ ደግሞ ለእሷ የተባለው ይቀራል። አዲስ ልጅ ሲወለድም የቀድሞው ኑዛዜ ሊናጋ ይችላል። በትዳርም በልጅም በኩል ለውጥ በመጣ ቁጥር ኑዛዜውን አውጥቶ ማየት ያስፈልጋል።

«ልጄን መንቀል እችላለሁ?» የሚል ጥያቄም አለ። ይቻላል፤ ግን መንቀሉ በግልጽ መጻፍ፣ ምክንያቱም በኑዛዜው ውስጥ መነገር አለበት። ዝም ብሎ ስሙን አለመጥራት ልጅን ከውርስ አይነቅለውም። ንብረትን በልጆች መሀል ማበላለጥም ገደብ አለው። በኑዛዜ በተደረገ ክፍፍል አንዱ ልጅ ሊደርሰው ከሚገባው ከሩብ በላይ ከተጎዳ ክፍፍሉን መቃወም ይችላል። ሲጦራችሁ ለኖረው ልጅ ከፍ ማድረግ ከፈለጋችሁ እዚህ ላይ የባለሙያ ስሌት ያስፈልጋል።

ኑዛዜን ሽሽት ቤቱን በቁም በስጦታ የሚሰጡ ወላጆች አሉ። እኔ በጣም እፈራዋለሁ። ኑዛዜ በማንኛውም ሰዓት ይሻራል፤ ስጦታ ግን ስም ከዞረ በኋላ በቀላሉ አይመለስም። ልጁ ቤቱን ቢሸጠው ወይም ባንክ ቢያስይዘው እናት የት ይወድቃሉ? የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታም ልክ እንደ ግልጽ ኑዛዜ ባለ ስርዓት ካልተደረገ አይጸናም። በተራ ወረቀት «ሰጥቻለሁ» ብሎ መፈረም በቂ አይደለም።

ውክልናና ሌሎች አሳሳች ነገሮች

«አባታችን ሙሉ ውክልና ሰጥተውኛል» የሚል ልጅ ብዙ ነው። ውክልና በሰጪው ሞት ያበቃል። አባት ካረፉ በኋላ በዚያ ውክልና ከባንክ ብር ማውጣት ወይም ቤት መሸጥ ለወንድምና ለእህት መክሰሻ መንገድ ይከፍታል። ገዢውም አብሮ ይቸገራል። ቤት የምትገዙ ከሆነ ሻጩ በውክልና ከመጣ ወካዩ በህይወት መኖራቸውን ሳታረጋግጡ ቀብድ አትክፈሉ።

ሁሉም ነገር ደግሞ ውርስ አይደለም። የቀበሌ ቤት አይወረስም። መንግስት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የወሰዳቸው ቤቶች ተከራይቶ ለኖረው ሰው ንብረቱ አይደሉም፤ ኪራዩ ወደ ቤተሰቡ ይዞር እንደሆነ የሚጠየቀው ከቤቶች አስተዳደር ነው። የጡረታ አበልም በኑዛዜ አይከፋፈልም፤ ተተኪ ለሚባሉት፣ ማለትም ለትዳር ጓደኛ፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆችና በሟች ሲረዱ ለነበሩ ወላጆች በራሱ ህግ ይከፈላል። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ወይም መንግስት መስሪያ ቤት ሰርተው ያረፉ አባት ካላችሁ የጡረታውን ጉዳይ ከውርስ ክርክሩ ለዩት። ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም። የህይወት መድህንም ተጠቃሚ ተሰይሞበት ከሆነ ገንዘቡ በቀጥታ ለተሰየመው ሰው ነው።

የገጠር መሬት ፍጹም ሌላ ዓለም ነው። ከአዳማ ወጣ ብሎ ቦሰት ወይም ሉሜ ላይ የእርሻ ይዞታ ያላቸው ቤተሰቦች አሉ። መሬት የመንግስትና የህዝብ ስለሆነ የሚተላለፈው የመጠቀም መብት ነው። ያም በክልሉ የገጠር መሬት ህግ መሰረት በዋናነት ለቤተሰብ አባል ነው። እንደ ከተማ ቤት ለፈለጉት ሰው መናዘዝ አይቻልም። ከተማ ቤትና ገጠር መሬት አብረው ካሉ ጠበቃው ሁለቱንም ህግ ማወቅ አለበት።

የወራሽነት ማስረጃ

ሞት ከደረሰ በኋላ ባንኩም፣ ማዘጋጃ ቤቱም፣ መንገድ ትራንስፖርቱም የሚጠይቁት አንድ ወረቀት ነው፤ የወራሽነት ማስረጃ። የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው። ማመልከቻው የሚገባው ሟች በዋናነት ይኖሩበት በነበረው ቦታ ነው እንጂ ቤቱ ባለበት አይደለም። አባት ኑሯቸው አዳማ ሆኖ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ቢኖራቸውም ውርሱ የሚከፈተው አዳማ ነው።

ለዚህ የሞት የምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ይወጣል። የልጆች የልደት ወረቀት ወይም ዝምድናውን የሚያስረዳ ሌላ ማስረጃ ይያዛል። ምስክሮችም ይቀርባሉ። ወራሾች ሁሉ ከተስማሙ ይህ ነገር ያለ ጠበቃ ሊያልቅ ይችላል። ማመልከቻውን ፍርድ ቤት ደጅ ያሉ ራፖር ጸሐፊዎች ያዘጋጃሉ። ጠበቃ ላለባችሁ ሀዘን ላይ ተጨማሪ ወጪ እንዲሆን አልፈልግም፤ ክርክር ከሌለ በራሳችሁ ሞክሩት።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንዱ ልጅ ሌሎቹን ሳይነግር «ወራሽ እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ ማስረጃ ያወጣል። በተለይ ከሌላ እናት የተወለደ ልጅ በዚህ መንገድ ይቀራል። የተዘለለው ልጅ ያንኑ ፍርድ ቤት በፍትሐ ብሔር ስነ ስርዓት ህግ ቁጥር 358 መሰረት በመቃወሚያ መጠየቅ ይችላል። ግን ዝም ብሎ መቀመጥ የለበትም። በፍትሐ ብሔር ህጉ ቁጥር 1000፣ ወራሽ ነኝ ባይ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ ጀምሮ በሶስት ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። ሳያውቅ ቢቆይም በጠቅላላው የ15 ዓመት ጣሪያ አለ፤ ከዘር የመጣ የቤተሰብ ርስት ሲሆን ብቻ ይለያል። የዓመቱ አቆጣጠር ራሱ ክርክር የሚነሳበት ነገር ስለሆነ «ታላቅ ወንድሜን ላስቀይም አልፈልግም» እያሉ ዓመት መግፋት አደጋ አለው። ቢያንስ ቀኑን አስልቶ የሚነግራችሁ የህግ ሰው አነጋግሩ።

አዳማ ላይ ደጋግሞ ሰውን የሚያመላልሰው ደግሞ የስም ልዩነት ነው። ካርታው ላይ አንድ ስም፣ መታወቂያው ላይ ሌላ፣ የጋብቻው ወረቀት ላይ የክርስትና ስም። በአማርኛ የተጻፈ የድሮ ካርታና በቁቤ፣ ማለትም በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ የተጻፈ አዲስ የልደት ወረቀት የአያትን ስም በተለያየ መንገድ ይይዙታል። የድሮዎቹ ወረቀቶች ከተማዋንም ናዝሬት ነው የሚሏት። አባት በህይወት ካሉ ይህን ራሳቸው ቀርበው ቢያስተካክሉት ቀላል ነው። ከሞቱ በኋላ «ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው ናቸው» ለማስባል ምስክርና የፍርድ ቤት ውሳኔ ይጠይቃል።

አካለ መጠን ያልደረሰ ወራሽ ካለም ቤቱን እንደልብ መሸጥ የለም፤ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ደላላ «እናስጨርሳለን» ቢላችሁ እንኳ አትሞክሩት።

አዳማ ላይ ጠበቃ ስትፈልጉ

«የኑዛዜ ጠበቃ» የሚል ታፔላ ፈልጋችሁ አታገኙም። የምትፈልጉት የቤተሰብ፣ የውርስና የቤት ጉዳይ አዘውትሮ የሚሰራ ጠበቃ ነው። ወንጀል ላይ ስመ ጥር የሆነ ሰው የውርስ መዝገብ ላይ ደካማ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ፈቃዱን ጠይቁ። የጥብቅና ፈቃድ የፌደራልና የክልል ተብሎ ይለያል። የፌደራሉ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ይመራል፤ ኦሮሚያም የራሷን ትሰጣለች። አዳማ ላይ የውርስ ጉዳይ የሚታየው በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ 99 ኪሎ ሜትር አቋርጦ የሚመጣ የዘመድ ጠበቃ ከመቅጠራችሁ በፊት «ኦሮሚያ ፍርድ ቤት ለመቆም ፈቃድ አለህ? ዘንድሮ ታድሷል?» በሉት። እውነተኛ ጠበቃ ወረቀቱን ሲያሳይ አይከፋውም።

ቋንቋውም አለ። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የስራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። አቤቱታው በእሱ ይጻፋል፤ ችሎቱም በእሱ ይካሄዳል። ኑዛዜ በአማርኛ መጻፍ ምንም ችግር የለውም፤ ሲቀርብ ይተረጎማል። ቋንቋውን የማትሰሙ ከሆነ ግን ጠበቃችሁ የሚጽፈውን ቁጭ ብሎ በአማርኛ የሚያስረዳችሁ ሰው መሆን አለበት። ያልገባችሁን አቤቱታ አትፈርሙ።

ጥቆማ ከየት ይገኛል? ከእድራችሁ ውስጥ የውርስ ጉዳይ ጨርሶ የወጣ ሰው ፈልጉ። አሸንፎ የወጣውን ብቻ ሳይሆን ተሸንፎም ጠበቃውን የሚያመሰግነውን ጠይቁ፤ እሱ ብዙ ይነግራችኋል። የፍትህ ጽሕፈት ቤት ሄዶም ፈቃድ ያላቸውን ጠበቆች መጠየቅ ይቻላል። አቅም የሌላቸው ሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የህግ ባለሙያዎች ማህበርን ያስታውሱ፤ ነጻ የህግ ምክር ሲሰጥ የኖረ ማህበር ነው። ፍርድ ቤት በር ላይ ቀርቦ «ጉዳይዎ ምንድን ነው እማማ?» የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ግን ጠበቃ አይደለም።

ሁለት ሶስት ጠበቃ አነጋግራችሁ ምረጡ። «እናሸንፋለን፣ አይጠራጠሩ» የሚለውን ሳይሆን «እዚህ ላይ ደካማ ነን» ብሎ የሚያሳያችሁን ያዙ። «ዳኛውን አውቀዋለሁ» ካለ ተነስታችሁ ውጡ። ክፍያውን በጽሁፍ ተዋዋሉ፤ ይግባኝ ቢኖር ይጨምር እንደሆነ፣ የዳኝነት ክፍያውን ማን እንደሚሸፍን፣ ከንብረቱ በመቶኛ ከሆነ ከየትኛው ገንዘብ ላይ እንደሚሰላ ይጻፍ። ለከፈላችሁት ሁሉ ደረሰኝ ተቀበሉ። ዋናውን ካርታ ትታችሁ አትውጡ፤ ኮፒ ይበቃዋል፤ ዋናው ለማመሳከር ሲፈለግ ራሳችሁ ይዛችሁ ትቀርባላችሁ።

ለጠበቃው የምትሰጡትን ውክልና ቃል በቃል አንብቡ። ለክርክር የሚያስፈልገው መክሰስ፣ መከሰስ፣ ማስረጃ ማቅረብ፣ ይግባኝ ማለትና የመሳሰለው ነው። «መሸጥ፣ መለወጥ፣ ገንዘብ መቀበል» የሚል ካለበት ለምን እንዳስፈለገ ጠይቁ። መልሱ ካላረካችሁ አስወጡት። ውጭ ሀገር ያለ ወንድም በኤምባሲ በኩል ውክልና ሲልክም ጥንቃቄው ያው ነው።

ወንድምና እህት እየተካሰሱ አንድ ጠበቃ ለሁለቱም መቆም አይችልም። የተስማሙ ወራሾች ግን አንድ ጠበቃ ይበቃቸዋል። ሽማግሌ ገብቶ ከታረቃችሁ ደግሞ ደስ ይላል፤ ብቻ ዕርቁን በቃል አትተዉት። ማን ምን እንደሚወስድ፣ ማን ለማን ስንት እንደሚከፍልና በስንት ጊዜ እንደሆነ ተጽፎ ሁሉም ይፈርም። መዝገብ ከተከፈተ በኋላ ከሆነ ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ ይጽደቅ። በቡና ላይ የተስማሙ ቤተሰቦች ከሁለት ዓመት በኋላ የቤቱ ዋጋ ሲጨምር የተባባሉትን በተለያየ መንገድ ያስታውሱታል።

ወላጆቻችሁ በህይወት እያሉ ጠበቃ ጋ ስትሄዱ፣ የሚቻል ከሆነ እነሱም ይምጡ። ልጅ ብቻውን ሄዶ የወላጅን ኑዛዜ ማስጻፍ በኋላ «አስገድዶ ነው» የሚል ክርክር ይጋብዛል። እንዲያውም ከኑዛዜው የሚጠቀመው ልጅ ሲነበብና ሲፈረም ከክፍሉ ቢወጣ ይሻላል። የሚያዘው የቤቱ ካርታ ኮፒ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የልጆች ሁሉ ስም ከነትውልድ ዘመናቸው፣ የባንክ ደብተሮችና ያለ ዕዳ ነው። የልጆች ሁሉ ስም ስል፣ ከሌላ እናት ወይም ከሌላ አባት የተወለደውንም ማለቴ ነው። ለጠበቃው መጀመሪያ ያልተነገረው ልጅ ኋላ ላይ መቃወሚያ ይዞ ሲመጣ፣ መዝገቡ እንደ አዲስ ይጀመራል።